የበቅሎ ማሰሪያው

በወንዙ ዳር ባለው አሮጌ ሰፈር መጀመሪያ የተሠራው ቤት የእኛ ነው። ቀዳሚዎቹ ሰፋሪዎች በድንጋይ ያቆሙት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ከአክስቴ ጋር እኖርበታለሁ፣ ጎብኚ ሲመጣም አስጎበኛለሁ። ከፎቁ መስኮት አጠገብ፣ በውጭ በኩል፣ ግድግዳው ላይ የተተከለ የብረት ቀለበት አለ።

«የበቅሎ ማሰሪያ ነው» እላለሁ።

«እዚያ ላይ?» ሲሉኝ፣ «ያኔ መንገዱ ከፍ ያለ ነበር፤ ኋላ ተቆፍሮ ነው» ብዬ አሳምናለሁ። ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ ያመጣሁት ነው። በጀልባ አሸዋ የሚያመላልሰው ጎረቤታችን በሰማኝ ቁጥር፣ «ህልመኛው፣ በቅሎዋ በመሰላል ነው የምትወጣው?» እያለ ይስቅብኛል።

ወንዙ በሞላበት ቀን ረፋዱ ላይ ውሃው በበሩ ስር ገባ። አክስቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አትራመድም።

«እንውጣ፣ አክስቴ።»

«ወዴት? ይኼ ቤት ስንቱን ክረምት አሳልፏል! አንተ ደግሞ ጥላህን ትፈራለህ።»

በሩን ገፋ ባደርገው የውጭው ውሃ መልሶ ገፋኝ። ዋና አልችልም። አክስቴን አዝዬ ወደ ፎቁ ወጣሁ። ዞር ብዬ ሳይ አራተኛው ደረጃ ተውጧል። ትንሽ ቆይቶ ሰባተኛውም።

«ስንት ደረጃ ቀረ?» አለችኝ ከአልጋው ላይ።

«ብዙ ነው።»

አምስት ነበር።

የእሷን ቀይ ፎጣ ይዤ በመስኮቱ ተንጠለጠልኩ፤ ለሰው እንዲታይ ቀለበቱ ላይ ላስረው። ያኔ ነው ከስሩ ያለውን ድንጋይ በእጄ የዳሰስኩት። ገመድ እየፈተገ የበላው ጎድጓዳ መስመር ነበረው። የበቅሎ አይደለም። እዚህ የሚታሰረው ጀልባ ነው። ውሃው እዚህ ድረስ ይመጣል ማለት ነው! ቀለበቱን የተከሉት ሰዎች ያውቁ ነበር፤ እኔ በየቀኑ ፊቱ ቆሜ ስቀባጥር ኖሬያለሁ።

ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። የጎረቤት በር ከነማጠፊያው እየተሽከረከረ በስሬ አለፈ። ከኋላዬ በፎቁ ሳንቃዎች መሃል ውሃ ፈለቀ።

ከዚያ የአሸዋው ጀልባ ከማዕዘኑ ብቅ አለ።

«ህልመኛው! በቅሎዋን አምጥቼልሃለሁ፣ እሰራት!»

ገመዱን ወረወረ፤ ሳትኩት። ሁለተኛውን ያዝኩ። ስቋጥረው ገመዱ በአሮጌው መስመር ውስጥ ልክክ ብሎ ተኛ።

አክስቴን በመስኮቱ አሳልፌ ስሰጠው፣ «ቀስ በል፣ አሸዋ መሰልኩህ?» አለችው።

እኔ በመጨረሻ ስወጣ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ነበር። ጀልባው ላይ ከቆምኩ በኋላም ቀለበቱን አልለቀቅኩም። ጎረቤታችን ያን ጊዜ አልሳቀም። ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው።