የዘበኛው እጅጌ

ተርብ ጁዶ የጀመረችው ሰው ለመሆን አልነበረም። የአንድ ሰው ጭንቅላት ከሲሚንቶ ጋር ለማላተም ነበር። የወጣቶች ማዕከሉ ማስታወቂያ "ጎዳና ላይ ያደጉ ወጣቶች ራሳቸውን መግዛት እንዲማሩ" ይላል። እሷ ግን ራሷን ገዝታ ምን ልታደርገው? የምትፈልገው የዘበኛውን ራስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተርብና ታላቅ ወንድሟ እናት አባታቸው ከሞቱ በኋላ የሚያድሩት አንድ የእህል መጋዘን በረንዳ ላይ ነበር። ወንድሟ ቀን ቀን ልብስ ሰፊ ዘንድ ይሠራል፤ የቁልፍ ቀዳዳ ሲሰፋ አሠሪው ራሱ ሥራውን ትቶ ያየዋል። ያሳደጋት በዚያች መርፌ ነው። አንድ ማለዳ የመጋዘኑ ዘበኛ "ተነሱ" እንኳ ሳይል በቆመጥ መጣባቸው። በእሷ አናት ላይ ሊያርፍ የነበረውን ቆመጥ ወንድሟ በቀኝ እጁ መከተ። ሦስት ጣቶቹ ተሰበሩ፣ ተጣመው ገጠሙ፤ መርፌ መያዝ በዚያው ቀረ። ዛሬ በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ይኖራሉ። እሷ መኪና ታጥባለች፣ እሱ እየዞረ ካልሲ ይሸጣል። ስለዚያ ማለዳ እሱ አንስቶ አያውቅም፤ እሷ ደግሞ ከዚያ ሌላ አስባ አታውቅም።

አሰልጣኟ በያጅ ነው። በርና መስኮት ሲበይድ ውሎ፣ አመሻሽ ላይ በማዕከሉ አዳራሽ፣ ሰጋቱራ በተሞላ የሸራ ፍራሽ ላይ ልጆቹን በነጻ ያሠለጥናል። መጀመሪያ ሁለት ወር ሙሉ መውደቅ ብቻ አስተማራት።

"መውደቅማ ከተወለድኩ ጀምሮ እችልበታለሁ" አለችው።

ከዚያ መጣል መጣ። መጣል ደግሞ የራሱ ሕግ አለው፤ የጣለ ሰው የወደቀ ጓደኛውን እጅጌ አይለቅም። ጭንቅላቱ መሬት እንዳይመታ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ይይዘዋል። ተርብ ይህን ሕግ እንደ ዘበኛው ጠላችው። ትጥልና ትለቃለች። በለቀቀች ቁጥር በያጁ "እጅጌውን!" እያለ ይጮሃል፤ ቅጣቱም ጓደኞቿ ተራ በተራ እየጣሏት ሃምሳ ጊዜ መውደቅ ነው።

"ለጠላትም እጅጌ ይያዝለታል እንዴ?" አለችው አንድ ቀን።

"እዚህ ጠላት የለም።"

"እኔ አለኝ።"

በያጁ ሳቀባት። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! ነይ ወዲህ፣ ሃምሳ ይቀርሻል።"

እያደር "እጅጌውን" የሚለው ጩኸት ቀነሰ፤ በኋላም ጨርሶ ቀረ። ተርብ መቅረቱን ልብ አላለችም።

ጁዶ ከጀመረች አሥራ አንድ ወር እንደሞላት፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ዘበኛው የዚያን ማለዳውን ወፍራም ካፖርት ለብሶ፣ ያንኑ ቆመጥ ጭኑ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጫኝና አውራጆች ጆንያ ላይ ጋደም ብለዋል።

"ታስታውሰኛለህ?"

ገላመጣት። "ደግሞ ማን ነሽ?"

"እዚህ በረንዳ ላይ ጣቶቹን የሰበርከው ልጅ እህት ነኝ።"

"ስንቱን አስታውሳለሁ? ዞር በይ ከዚህ!"

አስታውሶ ቢክዳት ይሻላት ነበር። የወንድሟ ጣቶች፣ የወንድሟ እንጀራ፣ ለዚህ ሰው ተራ የማለዳ ሥራ ሆነው ቀርተዋል። ቆመጡን አንስቶ ሲመጣ ገባችለት። የካፖርቱን እጅጌ ጨበጠች፣ ዳሌዋን ሆዱ ሥር ሰደደች፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ ከመሬት ተነሳ። ሲሚንቶውን አየችው፤ ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ይሄኔ ግራ እጇ ሳታዘው እጅጌውን ወደ ላይ ሳብ አደረገው።

ዘበኛው በጀርባው ዘፍ አለ፤ ጭንቅላቱ ግን ከሲሚንቶው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ጫኞቹ በሳቅ አውካኩ። እሱ ማጅራቱን ዳሰሰ፣ ደም ፈለገ፣ አጣ።

"ያዝሽኝ እኮ" አላት፣ ግራ ገብቶት።

እጅጌውን አሽቀንጥራ ለቃ፣ በንዴት እያለቀሰች ሄደች።

ወንድሟ ክፍላቸው ውስጥ ካልሲ በጥንድ በጥንድ ሲያጣጥፍ አገኘችው። ሁሉንም ነገረችው። "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! በጁዶው እጄን አበላሹት፣ ወንድም ጋሼ" አለችው።

"የእኔ እጅ መያዝ አቃተው፣ ያንቺ ደግሞ መልቀቅ" አለ። "የአንድ እናት ልጆች መሆናችን ያስታውቃል።"

ሁለቱም አልሳቁም። ሌላ ጥንድ ካልሲ አንስቶ፣ "አላስታውስም ነው ያለሽ?" ብሎ ጠየቃት።

"ስንቱን አስታውሳለሁ ነው ያለኝ።"

ካልሲውን አስቀመጠ። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።"

ሰኞ ጠዋት ወንድሟ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ከፊት ከፊቷ ሄደ። ዘበኛው ተርብን ገና ከሩቅ ሲያያት ከበርጩማው ተነሳ፤ እጁም ሳያውቀው የካፖርቱን እጅጌ ጨበጠ። ጫኞቹ ሥራቸውን አቁመው ማየት ጀመሩ።

"እንደምን አደሩ፣ አባት?" አለ ወንድሟ፣ ቀኝ እጁን እየዘረጋ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰላምታ እንዴት ይከለከላል? ዘበኛው ጨበጠው። ሦስቱ ጠማማ ጣቶች መዳፉ ውስጥ ገቡ፤ አንዱም አልታጠፈም፣ አንዱም አልተቃናም። ፊቱ ተለወጠ። እጁን ሊስብ ሲል ወንድሟ በደህናው ግራ እጁ ከላይ ደረበበት።

"ስንቱን ያስታውሳሉ፣ አባት?"

ዘበኛው ዝቅ ብሎ ጣቶቹን አየ። "አንተን" አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

"ነገም በዚሁ ሰዓት ሰላም ልልዎት እመጣለሁ። ከነገ ወዲያም።"

ተርብ ከኋላ ቆማ ወንድሟ እጁን እስኪለቅለት ጠበቀች። ቶሎ አልለቀቀውም።