ዳክዬ ዶሮ አይደለም

እኔ ዶሮ አውቃለሁ። ወሎ፣ ሐርቡ ሳለሁ ጫጩት ቅርፊት ውስጥ የቀረበት ሁሉ «ሰዓዲያን ጥሩልኝ» ነበር የሚለው። ቅርፊቱን በጥፍሬ ጫፍ እየላጥሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ ሳወጣው ምንም አይሆንም፤ ወዲያው ጢው ጢው ይላል። ዳክዬ ግን ከነስሙም በወሬ ነው የማውቀው። ሐርቡ ማን ዳክዬ ያረባል?

ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር የምሠራበት ቤት የማዳም ሱረያ ነው። ለስምንት ዓመት ልጇ ለሀጀር አባቷ አንድ የዳክዬ እንቁላልና ሩዝ ማብሰያ የምታህል መፈልፈያ ማሽን ገዛላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ እንቅልፍ የላትም።

«ሰዓዲያ፣ ዳክዬ መጀመሪያ ያየውን ሰው ነው እናቴ ብሎ የሚከተለው። መምህሬ ናት የነገረችን። ስለዚህ እኔን ነው ማየት ያለበት። ወላሂ በይ!»

«ወላሂ» አልኋት።

ልቤ ግን እህቴ ጋ ወደ ተውኋት ልጄ፣ ወደ ሚስከር ሄደ። የእኔዋ ሚስከር መጀመሪያ ያየችው እኔን ነበር። አሁን እናቴ የምትለው እህቴን ነው፤ እኔን በስልክ «ሰዓዲያ እንዴት ነሽ» ትለኛለች፣ እንደ ጎረቤት። እንዲህ ከሆነስ ዳክዬ ከሰው ይሻላል አልሁ።

ረቡዕ ዕለት እንቁላሉን ላገላብጥ ሳነሳው ከማሽኑ ጠርዝ ጋር ጠቅ አለብኝ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ናት፣ ግን ስንጥቅ ናት። ሻማ አቅልጬ አንጠባጠብሁበትና ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ማዳሜ ለተሰበረ ሰሐን እንኳ ሳምንት ሙሉ የምትጮኽ ሴት ናት።

ሐሙስ ጠዋት ቤተሰቡ ለዑምራ ወደ መካ ሄደ፤ እዚያው ሩሰይፋ ሰፈር ከአያትየዋ ቤት አድረው ቅዳሜ ሊመለሱ። በሩን እንደ ልማዳቸው ከውጭ ቆለፉብኝ። ሀጀር መኪና ልትገባ ስትል ወደ መስኮቱ ቀና ብላ «እስክመጣ እንዲጠብቀኝ ንገሪው!» ብላ ጮኸች። አይ ልጅ! ጫጩት የሚታዘዝ መስሏታል።

እሱም ያን ዕለት ቀትር ላይ ከሻማው አጠገብ ምስር የምታህል ቀዳዳ በሳ። ድምፁንም ሰማሁት። ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ዶሮ ቢሆን ሲመሽ፣ ቢዘገይ ሲነጋ ይወጣል። ዓርብ ነጋ፤ ያችው ቀዳዳ። ረፈደ፤ ያችው ቀዳዳ። ድምፁ ደግሞ እየሰለለ ሄደ። ሻማው ነው ያፈነው፣ እኔው ሰንጥቄ እኔው አፍኜ ልገድለው ነው ብዬ ስልኬን አነሳሁ።

አክስት እንደ ማለት ኻላ የምላቸው ሳሊማ ጋ ደወልሁ። የሩሰይፋዋ አያት ጎረቤት ናቸው፤ ዘራቸው ከወሎ ነው፣ ሰገነታቸው ላይ ዶሮም ዳክዬም ያረባሉ። ስልካቸው ዝግ ነው። ለካ ዓርብ ነው፣ ለጁምዓ ሶላት ሐረም መስጊድ ገብተዋል። ደግሜ ደወልሁ፤ ዝግ። በሩ ዝግ፣ ስልኩ ዝግ፣ እንቁላሉ ዝግ። ምን ዓይነት ቀን ነው አቦ!

እጄን ታጥቤ ቢስሚላህ አልሁና መላጥ ጀመርሁ። አንድ ፍቅፋቂ፣ ሁለት፣ ሦስት። «አንተ ደግሞ ስትንቀረፈፍ!» ብዬ ቀለድሁበት። አራተኛውን ሳነሳ ደም ወጣ። ዶሮ በዚያ ሰዓት ደም የለውም። በጥጥ ያዝሁት፣ ዱቄት ነሰነስሁበት፤ ደሙ ቀስ እያለ ይመጣል።

ከዐስር ሶላት በኋላ ኻላ ሳሊማ ደወሉ። ዳክዬው በስቶ አልወጣ እንዳለ ነገርኋቸው።

«ከበሳ ስንት ጊዜው ነው?»

«ከትናንት ቀትር ጀምሮ።»

«አንድ ቀን? ታዲያ ምን ሆነ? ዳክዬ ዶሮ አይደለም ልጄ! ከበሳ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ተኝቶ ደሙንና አስኳሉን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። እያረፈ ነው። እንዳትነኪው!»

እጄ ላይ ያለውን የደማ ጥጥ አየሁ።

«ሰዓዲያ?»

«ነካሁት፣ ኻላ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?» አሉኝ። እንዴት አልሰማ! ስንቱን ሰው መክሬበታለሁ።

«አሁን ምን ላድርግ?»

«ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክረሽ ሸፍኚውና ማሽኑ ውስጥ መልሽው። ከዚያ ኻላስ፣ በቃ፣ የአላህ ነው። እጅሽን ሰብስቢ።»

ሰበሰብሁ። እንደ ተባልሁት አድርጌ ሁለቱንም እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። እንደዚያን ዕለት እጄን የጠላሁበት ቀን የለም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል እሱው ራሱ ቅርፊቱን ረግጦ ወጣ። እርጥብ ነው፣ ሆዱ ሥር ደም አለ። አንገቱን ቀና ሊያደርግ ሲሞክር መሐላዬ ትዝ አለኝና ሻርፔን ፊቴ ላይ ጣልሁ፤ ለሀጀር ምያለሁ። እሱ ግን ጢው እያለ፣ እየወደቀ እየተነሳ፣ ወዳለሁበት ወደ ማሽኑ ጠርዝ መጣ። አላስቻለኝም። ሻርፔን ገልጬ፣ ማሽኑን ከፍቼ አነሳሁት። ጥቁር አዝሙድ በመሰለች ዓይኑ ትክ ብሎ አየኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁት። «እኔ ነኝ፣ አይዞህ።»

የመግሪብ አዛን ሳያልቅ መዳፌ ላይ ሞተ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ሀጀር ናት፣ በእናቷ ስልክ።

«ወጣ?»

«ወጣ፣ የኔ እናት። ግን ሞተ። እንቁላሉን የሰነጠቅሁትም እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ለእናትሽም ንገሪያት።»

አለቀሰች። ከዚያ «ዓይኑን ገልጦ ነበር?» አለችኝ።

«አልገለጠም።»

«ማንንም አላየም?»

«ማንንም አላየም።»

«እንኳንም አላየ» አለች፣ አፍንጫዋን እየሳበች። «ካላየማ እናት የለውም። እናቴ የት ሄደች ብሎ አላለቀሰም።»

«አዎ» አልኋት። «አላለቀሰም።»

መዳፌ ላይ ገና ይሞቅ ነበር።