የአበባ ሻጩ ድመት

«እነዚህን አበቦች እዚህ ማን አስገባቸው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድመቷን በብብቷ ሸጉጣ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ።

ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑን ሞልቶ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ዞር ብሎ አያት። ሦስት ቀን ሙሉ «አሜን፣ አሜን» ከማለት በቀር አፏን ያልከፈተች ሴት ናት።

«እኔ ነኛ» አለች የባሏ ታላቅ እህት፣ ቤተሰቡ በሙሉ እትዬ የሚላት። «እዚህ መቀመጫ ጠፍቶ አበባው የሰው እግር ስር ይረገጥ? የሙያ ጓደኞቹ እኮ ናቸው ያመጡለት። ከሱቃቸው ውስጥ የተሻለውን መርጠው።»

«ድመቷንስ?»

«እሷንም እኔው ነኝ የዘጋሁባት። በሰው እግር መሀል እየተሽሎከለከች አላስቀምጥ አለችና።»

ነጭ ሊሊ ነበር፣ ሁለት ባልዲ ሙሉ። የአንዱ ቅጠል ጫፍ ተነክሷል፤ የድመቷም አፍንጫ በአበባው ቢጫ ዱቄት ተለውሷል። ሃያ ዓመት የአበባ ሻጭ ሚስት የሆነች ሴት ይህን ለማወቅ ነጋሪ አያስፈልጋትም። ድመት ከሊሊ ቅጠል ብትቀምስ፣ ዱቄቱን ከፀጉሯ ላይ ብትልስ፣ ሌላው ቀርቶ አበባው የቆመበትን ውሃ ብትጠጣ ኩላሊቷ አለቀ ማለት ነው።

«ሐኪም ጋ ልወስዳት ነው።»

«አሁን? ሰው ተቀምጦ? ለቅሶ ጥለሽ ድመት ልታሳክሚ? ኧረ ሰው ምን ይላል!»

«ሰው የፈለገውን ይበል፣ እትዬ። ሻይ አለ፣ ወንበር አለ። እኔ ደርሼ መጣሁ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ባለታክሲ ጎረቤት ቁልፉን አውጥቶ ተነሳ። እሷም ከባልዲው አንድ ዘንግ መዝዛ ለሐኪሙ ማሳያ በፌስታል ጠቀለለች። ማልቀስ አልቻለችም እንጂ ማሰብ አላቃታትም።

መኪና ውስጥ የድመቷን አፍንጫ በእርጥብ መሀረብ እየጠረገች ሄደች። ባለታክሲው በመስታወቱ አያት።

«ለሚስቴ ልደት ሊሊ ልገዛ ብሄድ፣ ሟች ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ቤት ውስጥ ድመት አለ ወይ?› አለኝ። አለ ስለው ይሄን አልሸጥልህም አለኝ። አበባ ነው የምትሸጠው ወይስ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ነህ ብዬ ተቆጣሁት።»

እሷም ከባሏ ጋር የተዋወቀችው በጠብ ነበር። ለሱቋ መስኮት ሊሊ ልትገዛ ገብታ፣ ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አይቶ «የድመት ፀጉር አለብሽ፤ ጽጌረዳ ውሰጂ» አላት። የአንተ ሥራ መሸጥ ነው፣ ቀሚሴን መመርመር አይደለም ብላው በንዴት ወጣች። ለነገሩ ጽጌረዳውን ይዛ ነው የወጣችው። በማግስቱ ያልጨረሰችውን ስድብ ልትጨርስ ተመለሰች፤ ወንበር ሰጣት፤ ነገሩም በዚያው ሰርግ ሆነ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ዘንጉን አየች፣ ድመቷን ዳበሰች፣ ሰዓቷን ተመለከተች።

«መቼ ነው የቀመሰችው?»

«ከረፋድ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከእኔ ጋር ነበረች።»

«በጊዜ ደርሰሻል። ነገ ብታመጫት የምለው አልነበረኝም። አሁን እናስታውካታለን፤ ከዚያ ሦስት ቀን ግሉኮስ ላይ ትቆያለች። ዋናው ነገር መሽናቷ ነው። ከሸናች ኩላሊቷ ተርፏል።»

«አድኚልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አመሻሹ ላይ በሩ ሥር ቁጭ ብላ እስካሁን ሟች ባሌን ትጠብቀዋለች። አብራኝ የምትጠብቀው እሷ ብቻ ናት። እሷም ከሄደችብኝ ያ ቤት ይበላኛል።»

ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ክሊኒክ፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት። በአንደኛው ጠዋት፣ ቱቦ የተሰካበትን ትንሽ እግር ይዛ ሳለ፣ ባሏ አንድ ጊዜ የአበባ ዘንግ እየከረከመ የነገራት ትዝ አላት። አበባ ቤት በተቀጠረ በዓመቱ፣ ገና በአሥራ አራት ዓመቱ፣ ሳይሸጥ የተረፈ ሊሊ ለእናቱ ይዞ ቤት ገባ። የታላቅ እህቱ ድመት፣ እግሯ ሥር ካልሆነ የማትተኛው፣ በአራተኛው ቀን ሞተች። እህቱ ጎረቤቲቱ የአይጥ መርዝ አስቀምጣ ነው ብላ ደመደመች፤ ሴትዮዋንም እስከ ዛሬ ሰላም አትላትም። እሱ እውነቱን ያወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አበባ ሊገዛ ከመጣ የእንስሳት ሐኪም ነው። «ልንገራት ብዬ እሄዳለሁ፤ ፊቷን ሳይ ምላሴ ይታሰራል» ይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሟ ከውስጥ ወጥታ «ሸናች» አለች። ልብስ ሰፊዋ እዚያው የመጠበቂያው ወንበር ላይ ዘፍ ብላ፣ በቀብሩ ቀን ያልመጣውን ለቅሶ አለቀሰችው። ሐኪሟም አላባበለቻትም፤ በሩን ብቻ ዘጋችላት።

ድመቷን በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋ እቤት ስትደርስ ለቀስተኛው ተበትኗል። እትዬ ብቻዋን ወንበር ትደራርባለች።

«ተረፈች?»

«ተርፋለች።»

«እሰይ። አበቦቹን አውጥቼ ጥያቸዋለሁ።» እትዬ የያዘችውን ወንበር አስቀመጠች። «ወንድሜ ግን በድመትና በአበባ ነገር ምን ሆኖ ነው እንደዚያ ያደርግ የነበረው? ሁሌ ልጠይቀው እልና እረሳው ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ትንሽ አሰበች። እሱ የፈራውን እሷ የምትፈራበት ምክንያት አልታያትም። ቁጭ በይ አለቻትና ከሊሊው እስከ ሐኪሙ ድረስ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

«ያቺን ምስኪን ሴት አርባ ዓመት ሙሉ ረገምኳት» አለች እትዬ። «ቢነግረኝ ምን አደርገው ነበር? ልጅ አልነበረ? ምን አደርገው ነበር?»

«ትጠይኛለሽ ብሎ ነው፣ እትዬ። ከሰው ሁሉ አንቺን ነበር የሚወደው።»

እትዬ ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ ቧንቧው ሥር አረጠበችው። መኝታ ቤት ገብታ፣ ባልዲዎቹ ቆመውበት የነበረው ቦታ ላይ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ተንበረከከች። ወለሉ ላይ የቀረውን ቢጫ ዱቄት መጥረግ ጀመረች፤ ግድግዳው ሥር፣ አልጋው ሥር፣ በጣውላዎቹ መካከል በጥፍሯ ሳይቀር።

«ድመቷን ገና አታውርጃት» አለች ቀና ሳትል። «እዚህም አለ።»