የታመመችው ላም

አባቴ አለባቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁ ግን አያርፍም። አዲስ አበባ ሳለ የፖሊስ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። እዚያ ወጣቶቹ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ክራቸውን የሚቃኝላቸው አንጋፋው እሱ ነበር አሉ። ይህን ልማድ ኦስሎ ድረስ ይዞት እንደመጣ አላወቅሁም።

በፈረንጆቹ 2009 ጸደይ፣ ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር ባለች ትንሽ አዳራሽ፣ ለሙዚቃ ትምህርት መግቢያ ልፈተን ቀረብኩ። አምና ወድቄያለሁ። ዘንድሮም ከወደቅሁ ቫዮሊኑን ሰቅዬ ነርስነት ልማር ለእናቴ ቃል ገብቼላታለሁ።

የመረጥኩት አንዲት ወጣት ቱርካዊት ለቫዮሊን ብቻ የደረሰችውን ሙዚቃ ነው። በአገሯ ዜማ፣ ፒያኖ የማያውቃቸው፣ በሁለት ቁልፎች መሀል የሚያድሩ ድምፆች አሉ። ወፍራሙም ክር ከሥር እንዲያጉረመርም በጣም ዝቅ ተደርጎ ይቃኛል። አባዬ ክረምቱን ሙሉ በግድግዳው በኩል እየሰማ፣ ያቺ የታመመች ላም ዛሬም አልዳነችም ወይ እያለ ሲያሾፍብኝ ከረመ። ክሩን ሆን ብዬ እንደማላላው ግን ነግሬው አላውቅም።

በፈተናው ቀን አባዬ አብሮኝ መጣ፤ ተራዬ ሊደርስ ሲል ቫዮሊኑን ትቼለት ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ አቀበለኝ። ፊቱ በርቷል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

መድረክ ላይ ደጋኑን ስስበው ማጉረምረም የነበረበት ክር ጮኸ። ያኔ ገባኝ፤ አባዬ ክሩ የላላ መስሎት ቃኝቶልኝ ኖሯል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። በሕይወቴ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም። አቋርጬ መቃኛውን ማዞር ያዝኩ፤ ጣቴ በላብ ይንሸራተታል። ዝቅ ሳደርገው በዛ፤ ከፍ ሳደርገውም አይደለም። ከልቤ ምት በቀር የሚሰማኝ የለም፤ ድምፁ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ከፈታኞቹ አንዷ ሰዓቷን አየች።

አባዬ ከኋላ ወንበር ላይ አመድ መስሏል። ጥፋቱ ገብቶታል። አፉን ሲከፍት ሊጮህ ነው ብዬ ይብሱን ፈራሁ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ የታመመችዋን ላም አዜማት፤ ዝቅ አድርጎ፣ ሳያቋርጥ፣ በግድግዳው በኩል ሲሰማት እንደከረመው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እኔ ክሩን እሱ ያለበት ድምፅ ድረስ አወረድኩት።

አዲስ የላላ ክር አይታመንም፤ በየመስመሩ አሁን ከዳኝ፣ አሁን ከዳኝ እያልኩ ጨረስኩ። ፈታኞቹ ጥቂት ተማክረው ማለፌን ነገሩኝ።

አባዬ አዳራሹ ውስጥ የለም። ትራም ፌርማታው ላይ፣ ሁለት እጁን ካፖርቱ ኪስ ከትቶ ቆሞ አገኘሁት።

«ኤማ፣ ገደልኩሽ አይደል?» አለኝ፣ ሳያየኝ።

«ናይ፣ አልገደልከኝም አባዬ። አልፌያለሁ።»

ቫዮሊኑን ሊይዝልኝ እጁን ሰደደ፤ ሳይደርስ መልሶ ሰበሰበው። እኔው ራሴ አስያዝኩት።