የእናቴ ጥቁር ድስት

እናቴን «ሐይቁን ያሳመመች» ብለው ስም ካወጡላት ስንት ዘመን ሆነ! ያኔ እኔ ገና አላገባሁም። ልታጥበው የያዘችው የዓሣ ድስት ከእጇ አምልጦ ውሃው ውስጥ ገባ። በእኛ መንደር ደግሞ እሳት ያጠቆረው ድስት ሐይቁን አይነካም፤ ነውር ነው። በዚያው ሰሞን ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ገማ፤ ዓሣውም ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። የመንደሩ አለቃ አባባ ናንጊ ፈረዱባት፦ «ከእንግዲህ እግሯ ዳርቻውን አይርገጥ!»

ውሃው ግን በየዓመቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሷም በየዓመቱ ተረገመች። አሁን አርጅታ እንኳ «አንዴ እግሬን ነክሬው ብሞት» ትላለች። ይሄ ነገር ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቶ ኖሯል።

ዘንድሮ ክላሪስ የምትባል የውሃ መርማሪ ከአቢጃን መጣች። ከየቦታው ውሃ ቀድታ፣ እኔ ከካሳቫ የሚሠራውን አቼኬ የምሸጥበት ጠረጴዛ ላይ ማይክሮስኮፗን ተከለች።

«እትዬ ኖዬሊ፣ ነይ እስቲ እዪው» አለችኝ።

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ጉድ በሉ! አንዲት ጠብታ ውስጥ አረንጓዴ ዶቃ በክር በክር ተሰክቷል፤ አንዳንዱም እንደ እንዝርት ይሾራል!

«ምንድን ናቸው?»

«አልጌ። አንድ በአንድ በዓይን አይታዩም፤ ሲበዙ ግን ሐይቁን አረንጓዴ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።»

«ከጥቀርሻ ነው የሚፈለፈሉት?»

ሳቀች። «ጥቀርሻ ምን ያደርግላቸዋል! የሚያደልባቸው የሽንት ቤት ፍሳሽና የሳሙና እጣቢ ነው። ያየሽው የመንደሩን ፍሳሽ ወደ ሐይቁ ከሚያወርደው ቦይ አፍ የቀዳሁት ነው። ይሄኛው ደግሞ ከድሮው የሴቶች ማጠቢያ፤ እዪው፣ የሉም ማለት ይቻላል።»

የድሮው ማጠቢያ! የእናቴ ድስት የወደቀበት!

ሽርጤን ሰብስቤ ሮጥኩ። አባባ ናንጊ ማንጎው ሥር ገበጣ ይጫወታሉ።

«አባባ፣ ይነሱ!»

«ምን ነካሽ? ቤት ተቃጠለ?»

«ይነሱ አልኩ! አለዚያ ጠጠሩን እበትነዋለሁ!»

«እናትየውን ቁርጥ!» እያሉ ተከተሉኝ፤ መንደሩም ከኋላችን ግር አለ።

አባባ ናንጊ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው አዩ። ቀና አሉ። ደግመው አጎነበሱ። «ኧረ ይሄ ነገር ነፍስ አለው!»

«ጥቀርሻስ አገኙበት?»

«...የለም።»

ክላሪስ ቦዩ ለአልጌው ምን እንደሚያበላ ስትነግራቸው፣ አንዲት ሴት ከኋላ ጮኸች፦ «የአባባ ናንጊ አዲሱ ሽንት ቤትስ ወዴት ነው የሚፈሰው?»

ወደ ቦዩ ነዋ! ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«አባባ፣ ለካ እርስዎም ሐይቁን ያበላሉ!»

«ዝም በሉ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኔም አለሁበት በሉኛ... ቦዩን እናስዘጋዋለን፤ ከእኔው ቤት እንጀምራለን። የእናትሽን ነገር ደግሞ ነገ ሽማግሌዎችን ሰብስቤ...»

«ነገ?»

የቀረውን አልሰማሁም። ቤት ገብቼ እናቴን እንደ ሕፃን አዘልኳት። በሰዉ መሃል፣ በአባባ ናንጊ ፊት፣ ቁልቁል ወደ ድሮው ማጠቢያ ወረድኩ። ማንም አልከለከለኝም።

«ቀስ!» አለች እናቴ ጀርባዬ ላይ ሆና። «ድስት አይደለሁም፣ እንዳትጥዪኝ!»

ቀስ አድርጌ እግሯን ውሃው ውስጥ አኖርኩት።