ሽመላዎቹ የመረጡት ኩሬ

ዘበኛው በሩን ሳያንኳኳ ገባ። እንደዚያ አድርጎ ስለማያውቅ መሐንዲሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

«መጥተዋል» አላት ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ሽመላዎቹ። ጥንድ ናቸው። ቄጠማ እየለቀሙ ነው።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ስትገፋው ግድግዳውን መታው። ይህን ወሬ ለመስማት ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ቦት ጫማዋን እያጠለቀች «የትኛው ደሴት ላይ ናቸው? ትልቁ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው። «እርስዎ ጋ አይደለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሚጢጢ ጋ ነው።»

ሚጢጢ የመሐንዲሷ ታናሽ እህት ናት። አድጋ፣ ተምራ፣ የዕፅዋት ባለሙያ ተብላ እዚያው ድርጅት ከተቀጠረች በኋላ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። አባቷ ቤት ውስጥ ያወጡላት ስም ቢሮ ድረስ ተከትሏት መጥቶ፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ሚጢጢ ነው የሚላት። መሐንዲሷን ግን ከሙያዋ ሌላ ስም አውጥቶ የጠራት ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ የኤሌክትሪክ ግድብ ሲሠራ ከግድቡ በላይ ያለውን ሸለቆ ውኃ ዋጠው። ሸለቆው ውስጥ ሽመላዎች በየዓመቱ እየመጡ የሚፈለፍሉበት ሰፊ ረግረግ ነበር። ግድቡ ሲፈቀድ ውሉ ላይ የሰፈረ ግዴታ ነበረና፣ ድርጅቱ ላጠፋው ረግረግ ምትክ እንዲሆን ከግድቡ በታች አንድ ሜዳ ገዛ። ሜዳው ድሮ ረግረግ የነበረ፣ በኋላ ሰዎች ቦይ ቆፍረው ውኃውን አፍስሰው ያደረቁት መሬት ነው። እሱን ወደ ቀድሞው ለመመለስ ለሁለት ተከፈለና ላይኛው ለመሐንዲሷ፣ ታችኛው ለሚጢጢ ተሰጠ።

መሐንዲሷ ግድቡንም ከሠሩት አንዷ ናት። ሸለቆውን የሸፈነውን ውኃ ከፍታ ያሰላችው እሷ ነበረች። ስለዚህ ምትኩን ስትረከብ እልህ ይዟት ነበር፤ ያጠፋሁትን እኔው እመልሰዋለሁ አለች። የኩሬዎቹን ጥልቀት እየለካች አስቆፈረች፤ መሃላቸው ላይ ወፍ የሚያርፍባቸው ደሴቶች በድንጋይ አስገነባች፤ ሸምበቆውን ከችግኝ ጣቢያ አስመጥታ አስተከለች። ሚጢጢ ደግሞ የድሮዎቹን ቦዮች በአፈር ደፈነችና ውኃው ወደፈለገበት እንዲሄድ ተወችው። ሸለቆው ሳይሰጥም በፊት ከዚያ ያስጫነችውን ጭቃ እዚህም እዚያም በተነችው። ቄጠማው ከጭቃው ውስጥ ራሱ በቀለ። ቦታው ሲያዩት ጎርፍ አልፎበት የሄደ ማሳ ይመስላል እንጂ ሰው አስቦ የሠራው አይመስልም። መሐንዲሷ በዚህ በሆዷ ስትስቅ ነበር የከረመችው።

አሁን ሽመላዎቹ የእሷን የተለካ ኩሬ በላዩ አልፈው እዚያ ጭቃ ላይ ማረፋቸውን እንደ ስድብ ቆጠረችው። ያም ሆኖ ፊቷን አስተካክላ ወደ ታች ወረደች። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት እህቷን።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን፣ እትዬ።» ሚጢጢ ጭቃ በጭቃ እንደሆነች አቀፈቻት። «ውኃውን የምትልኪልኝ አንቺ አይደለሽ? የሁለታችንም ናቸው።»

የሁለታችንም ማለቷ መሐንዲሷን ይበልጥ አበገናት። እንዲህ አፉን ሞልቶ የሚለግስ የፈለገው እጁ የገባለት ሰው ነው።

አባታቸው ዕድሜያቸውን በባቡር ነጂነት ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ የሚኖሩት መሐንዲሷ ጋ ነው። መድኃኒታቸውን የምታቀብል፣ እግራቸውን የምታጥብ፣ ጥፍራቸውን የምትቆርጥ፣ ራዲዮናቸው ሲያንቃርር የምታስተካክል እሷ ናት። ሚጢጢ ብቅ የምትለው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ የምትቀርበትም ቅዳሜ አለ። ስትመጣ ግን ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። አባትየው ከጋደሙበት ተነሥተው ይቀመጣሉ፤ ጸጉራቸውን በእጃቸው ያስተኛሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያልተሰማ ሳቅ ይስቃሉ።

የሽመላዎቹን ወሬ ሚጢጢ በስልክ ነግራቸው ኖሮ፣ መሐንዲሷ ከሥራ ስትገባ ካፖርታቸውን ለብሰው ጠበቋት።

«ነገ ውሰጂኝ» አሉ። «የሚጢጢን ወፎች ልይ።»

«ጉልበትዎስ አባዬ? መንገዱ እኮ ጭቃ ነው።»

«ታዝይኛለሻ» ብለው ሳቁ።

ስለ ኩሬዎቿ ስንት ጊዜ አውርታቸዋለች። «ጎሽ፣ በርቺ» ከማለት አልፈው አንድም ቀን ልየው ብለው አያውቁም። ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ጣደችና ምድጃውን ሳትለኩስ እንዲሁ ብዙ ቆመች።

በማግስቱ ከመኪናው እስከ መመልከቻው የእንጨት ዳስ ደግፋ ያደረሰቻቸው እሷ ናት፤ ክብደታቸው ትከሻዋ ላይ ቀረ። ዳሱ ውስጥ ሚጢጢ አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽር አስተካክላ ያዘችላቸው። ሴቷ ሽመላ ዙሪያዋን ውኃ በከበባት የቄጠማ ጉብታ ላይ ተኝታለች፤ ከአንገቷ በላይ ብቻ ነው የምትታየው። ወንዱ ቀጫጭን እግሮቹን በጥንቃቄ እያነሣ አካባቢዋን ይቃኛል።

«እንቁላሎቹ ሁለት ናቸው» አለች ሚጢጢ በሹክሹክታ።

አባታቸው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ መነጽሩን ሳያወርዱ አንድ እጃቸውን ዘርግተው የሚጢጢን ራስ ዳበሱ። «የኔ ልጅ» አሉ። «ከጠፋ ነገር ላይ ይህን አበቀልሽ።»

መሐንዲሷ ምርኩዛቸውን ይዛ ከኋላ ቆማ ነበር። አጥፊዋ እኔ፣ አብቃይዋ እሷ ሆንን ማለት ነው፣ ብላ አሰበች። ማንም እንዲህ አላለም፤ እሷ ግን ጥርት አድርጋ ሰማችው።

ብዙም ሳይቆይ ችግር መጣ። ዝናቡ ዘገየ። ግድቡ ውስጥ ያለው ውኃ ሲጎድል ድርጅቱ ለተርባይኖቹ መቆጠብ ጀመረና ወደ ረግረጉ የሚለቀቀውን በግማሽ ቀነሰው። የሚመጣውን ውኃ ለላይኛውና ለታችኛው ቦታ የሚያከፋፍል የብረት መዝጊያ አለ፤ እጀታውን የማዞር ሥልጣን የመሐንዲሷ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደውሎ «ለየትኛው ምን ያህል እንደሚሄድ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔን አትጠይቂኝ» አላት።

ታውቅ ነበር። የእሷ ኩሬዎች ጥልቅ ስለሆኑ ለጊዜው ቢቀንስባቸውም አይጎዱም። የሚጢጢ ቦታ ግን ዝርግ ነው፤ ውኃው ትንሽ ሸሸት ሲል መሬቱ ይገለጣል፤ በዚያ ላይ ጎጆው ያለው እዚያ ነው። ሥራውን ትናንት የጀመረ ሰው እንኳ ውኃውን ወደ ታች ይለቀው ነበር። እሷ እጀታውን አዞረችና እኩል በእኩል አካፈለችው። እኩል አካፈልሽ ብሎ ማን ይወቅሳታል?

ሚጢጢ ቢሮዋ ድረስ መጣች። «እትዬ፣ ውኃው እየሸሸብኝ ነው። ጉብታው ከዳሩ ጋር ሊገናኝ ምንም አልቀረው። እስኪፈለፈሉ ድረስ ያንቺን ድርሻ ብትለቂልኝ።»

«ለሁለታችንም እኩል ነው የሰጠሁት።»

«አውቃለሁ። ግን አንቺ ጋ እንቁላል የለም።»

ነገሩን እንዳለ መናገሯ ነው እንጂ ለማቁሰል ብላ አልነበረም። የመሐንዲሷ ፊት ግን ጠቆረ። «እንቁላል ስለሌለኝ የእኔ ሸምበቆ ይድረቅ? የደከምኩበትን ሁሉ ላንቺ ላፍስስልሽ? እስከ ዛሬ የተሰጠሽ አይበቃሽም?»

ሚጢጢ ግራ ገባት። «ስለ ውኃ እኮ ነው የማወራሽ።»

«እኔም ስለ ውኃ ነው የማወራው» አለችና ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች።

ከዚያ ወዲህ ልቧ ለሁለት ተከፈለ። ጠዋት ጠዋት ወደ መዝጊያው ትሄዳለች፤ እጀታውን ትጨብጣለች፤ ያ የአባቷ እጅ በሚጢጢ ራስ ላይ ሲያርፍ ይመጣባታል፤ ትለቀዋለች። ነገ አዞረዋለሁ ትላለች። ዝናቡም አይቀርም፣ ይጥላል ትላለች። ዝናቡ ቀረ፤ ቀበሮ መጣ።

ስትወርድ ሚጢጢን በተሰነጣጠቀው ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብላ አገኘቻት። የቀበሮው ዳና ከዳር ተነሥቶ ጠብታ ውኃ ሳይነካ ጉብታው ድረስ ሄዷል። በሚጢጢ መዳፍ ላይ የእንቁላል ቅርፊት አለ። ሽመላዎቹ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ወደ ጎጆው አይጠጉም፣ ጥለውም አይሄዱም።

ሚጢጢ አላለቀሰችም። «እሱ ምን ያድርግ፣ መንገድ ሲያገኝ ሄደ» ብቻ አለች። መሐንዲሷን ክፉኛ ያሳፈራት ከሐዘኑ ሥር አንዲት ትንሽ እፎይታ መኖሯ ነው፤ በቃ፣ አሁን እኩል ሆንን የምትል።

ወፎቹ ግን የሰው ሒሳብ አያውቁም። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ወንዱ ሽመላ በመሐንዲሷ ኩሬዎች ላይ ሲዞር ታየ፤ ሴቷም ተከተለችው። ውኃ ያልራቀው ቦታ ፈልገው ኖሮ በድንጋይ የተሠራው ትልቁ ደሴት ላይ ጎጆ መሥራት ጀመሩ። ቄጠማውን እየነቀሉ የሚያመላልሱት ከሚጢጢ ቦታ ነበር። ወዲያው ሴቷ እንቁላል ጥላ ተኛች።

ሥራ አስኪያጁ ፎቶ አንሺ አስከትሎ መጣና «ድሮም የተጠና ሥራ ነው የሚያዋጣው» እያለ እጇን ጨበጣት። ቢሮ ያሉት አጨበጨቡላት። አባቷም «እሰይ የኔ ልጅ፣ የልብሽ ደረሰ» አሏት፤ ስንት ዘመን የጓጓችለት ቃል። እሷ ግን የሰው ልብስ ለብሶ «አማረብህ» እንደተባለ ሰው ሆነች።

ዝናቡ አሁንም የለም። ድርጅቱ ውኃውን እንደገና ቀነሰው፤ በዚህኛው ጊዜ የመሐንዲሷም ኩሬዎች ዳር ዳሩ መታየት ጀመረ። ብታሰላው፣ ብትደጋግመው፣ የታችኛውን ድርሻ ካልወሰደች በቀር ደሴቱ ዙሪያውን ውኃ እንደከበበው አይቆይም። ልትወስደው ደግሞ እጇ አልታዘዝ አላት። አንድ ጠዋት እዚያው መዝጊያው ጋ ስታመነታ ሚጢጢ ከታች መጣች።

«የእኔን ዝጊው» አለቻት። «በሙሉ ወደ ላይ ልቀቂው።»

«ቄጠማሽስ?»

«ይድረቅ። ሥሩ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይነሣ ይሆናል። ካልተነሣም እንደገና እጀምራለሁ።»

መሐንዲሷ እጀታውን እንደጨበጠች፣ እህቷን ሳታይ፣ «ያኔ ልለቅልሽ እችል ነበር» አለች። «የእኔ አይጎዳም ነበር። እያወቅሁ ነው። ቀንቼብሽ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ሚጢጢ። «የኩሬዎችሽን ጥልቀት እኔም አውቀዋለሁ እኮ።» ወደ መዝጊያው አንድ እርምጃ ቀረበች። «በምኔ ነው የቀናሽው? በወፍ?»

«በወፍም። በአባዬም። ሁሉ ነገር ሳትለፊበት ስለሚመጣልሽ።»

«ሳልለፋበት?» ሚጢጢ ሳቀች፤ ሳቁ የደስታ አልነበረም። «አባዬ ሲያማቸው አንድም ቀን እኔን ጠርተውኝ አያውቁም፤ አንቺን ነው። ለእኔ ለእንግዳ እንደሚሳቀው ነው የሚስቁልኝ። ቅዳሜ አመሻሽቼ ስወጣ በሩን ከኋላዬ ስትዘጊው ምን እንደሚሰማኝ ታውቂያለሽ?»

መሐንዲሷ ይህን አስባው አታውቅም። ልታቅፋት ጠጋ ስትል ሚጢጢ እጇን አነሣች።

«ተይ። ይህን የማደርገው ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ለወፎቹ ብዬ ነው። አንቺን ገና ይቅር አላልኩሽም። አዙሪው።»

አዞረችው። ሚጢጢ ወደ ታች የሚወርደው ውኃ እየቀጠነ ሄዶ ጠብታ እስኪሆን ድረስ ቆማ አየችና ተመለሰች። መሐንዲሷ ከኋላዋ ስታያት ያ የምታውቀው ነገር ደረቷ ውስጥ እንደገና ተንቀሳቀሰ። አሁን የቀናችው ተበድሎም፣ ተቆጥቶም፣ የሚወደውን ነገር ማስቀደም በሚችል ልብ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ልብ ለክቶ መሥራት እንደማይቻል ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የዚያኑ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ ያደረገችውን ሳትሸፋፍን ነገረችው። እሱም መጀመሪያ አላመናትም፤ ሲያምናት ፊቱን ቋጠረ፤ የመዝጊያውን ቁልፍ ተቀብሎ ለሚጢጢ ሰጠ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሷ ውኃ ስትፈልግ ታናሽ እህቷን መጠየቅ ነበረባት። ሚጢጢ ከለከለቻት አይባልም፤ ግን ከውኃ ሌላ ቃል አልወጣትም። «ይጨመር?» «ጨምሪ።» «ይበቃል?» «ይበቃል።» ቅዳሜም ስትመጣ ከአባቷ ጋር ተጫውታ ትሄዳለች። አባትየው የሆነ ነገር ሸቷቸዋል፤ አንዷን ያዩና ሌላዋን ያያሉ።

ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ በኋላም ዝናቡ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ ያለ ርኅራኄ ወረደ። ከሚጢጢ ቄጠማ ከፊሉ ተነሣ፣ ከፊሉ እንደደረቀ ቀረ።

ጫጩቶቹ ክንፋቸውን መሞከር በጀመሩበት ሰሞን መሐንዲሷ ከራሷ ኩሬዎች ዳር ወዳለው መመልከቻ ዳስ ስትገባ ሚጢጢን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ልትመለስ ስትል ሚጢጢ ቀና ሳትል ትንሽ ጠጋ አለችላት። ተቀመጠች። አንደኛው ጫጩት ከደሴቱ ጫፍ ላይ ተነሥቶ ሁለት ሦስቴ ክንፉን አራገበና ሸምበቆው ላይ ተዘረጋ፤ እግሩ አንድ ወገን፣ ክንፉ ሌላ ወገን። ሚጢጢ ሳታስበው ሳቀች። መሐንዲሷም ሳቀች፤ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ አልሳቀችም።

«ለይቅርታው ገና ነኝ» አለች ሚጢጢ ወዲያው ፊቷን ኮስተር አድርጋ።

«ገባኝ» አለች መሐንዲሷ። «ልሂድ?»

«ሂጂ አላልኩሽም።»

ጫጩቱ ከሸምበቆው ውስጥ ወጥቶ ራሱን አራገፈና እንደገና ወደ ደሴቱ ጫፍ መውጣት ጀመረ። ሁለቱም ከአግዳሚው ሳይነሡ አዩት።