የአጎቴ አምፖል

አጎቴ ብረት አዋቂ ነው። እንዲህ የሚለው ግን እሱ ራሱ ብቻ ነው። ብረት ቤቱ የሚገባ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእሳት ወይም ለመዶሻ ሳይሆን ለአምፖሉ ነው፤ ሁለት ሽቦ፣ አንድ የባትሪ ድንጋይና አንዲት ሚጢጢ አምፖል፣ ሁሉም በፕላስተር የተጠፈረ። ሽቦዎቹን ዕቃው ላይ ያስነካል። አምፖሏ ከበራች ብረት ነው። ካልበራች ወደ ጓሮ ይወረወራል። ይግባኝ የለም።

በዚህ ፍርድ ስንት ደህና ብረት ጓሮ ወድቆ ቀርቷል። አንድ ቀን እህቴ ከተጣሉት መሃል አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ወፍራም የአጥር ዘንግ አነሳች፣ ጫፉን በሞረድ ፋቀችና አምፖሏን አበራችበት። ያገደው ቀለሙ እንጂ ብረቱማ ምን አጠፋ አለችው። አጎቴ ዘንጉን አገላብጦ አየና፣ ያበራው ሞረዱ ነው አለ። ዘንጉም ተመልሶ ጓሮ ሄደ።

እህቴ እዚያ የገባችው ሙያ ልትማር ነበር። አጎቴ የሰጣት ግን መጥረጊያ ነው። መስፉን፣ ያንን የጋለ ብረት የሚቀጠቀጥበትን ግዙፍ ነገር፣ ባለፈች ቁጥር በመዳፏ ታብሰዋለች። አጎቴም ባየ ቁጥር፣ የኔ እመቤት አቧራው ያለው ወለሉ ላይ ነው ይላታል።

ከዕለታት ባንዱ አጎቴ ካለቀ የባትሪ ድንጋይ መሃል የወጣች ጥቁር ዘንግ ላይ ሽቦዎቹን ቢያስነካ አምፖሏ ቦግ አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ያገኘውን የባትሪ ድንጋይ ሁሉ እየፈለፈለ ጆንያ ሞላ። «ጥቁር ብረት» ብሎ ስም አወጣለት። ለሰፈራችን የጥርስ ሐኪምም የክሊኒኩን በር እጀታ ከዚሁ ሊሠራለት ቃል ገባ።

ሐኪሙ ሊያይ በመጣ ቀን እህቴ አላስቻላትም። ይሄ ካርቦን ነው፣ የከሰል ዘመድ ነው አለች። ኤሌክትሪክ ማሳለፉ እውነት ነው፤ ግን ብረት ሲመታ ይጠፈጠፋል፣ ሲሳብ ሽቦ ይሆናል፤ ይሄ ይንኮታኮታል።

አጎቴ ከት ብሎ ሳቀ። ሰማኸልኝ፣ ከሰል መብራት ያበራል እያለችህ ነው አለው ሐኪሙን። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ከተጠፈጠፈ መጥረጊያሽን እንደያዝሽ ታረጃለሽ። ከተሰበረ መስፉ ያንቺ ነው።»

እሳቱን በወናፍ አናፋው። ዘንጎቹ ከሰሉ መሃል ቀልተው ከከሰሉ አልለይ አሉት። በጉጠት እየቆነጠረ ደጋግሞ ከሰል አወጣ፤ ሐኪሙ ሳቁን በሳል ሸፈነ። በመጨረሻ ዘንግ አገኘ፣ መስፉ ላይ አጋደመው፣ መዶሻውን አሳረፈበት። ብትንትኑ ወጣ። አንዷ ስባሪ የሐኪሙ ጫማ አጠገብ ወድቃ ጠቆረች።

«ብርድ መትቶት ነው» አለ አጎቴ።

ሐኪሙ ዛሬውኑ የብረት እጀታ ካልተሠራለት ሌላ ቤት እንደሚሄድ ነገረው። እህቴ መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፋ አጎቴን አየችው። ቃሉን የሰጠው ሰው ፊት ነውና መሸሻ የለውም። አሰበ፣ አሰበና ፊቱ ፈካ።

«መስፉ ያንቺ ነው። መዶሻው ግን የኔ ነው። ስለ መዶሻ ያወራ የለም።»

ይህን ብሎ በሩ ላይ ቆሜ የማየውን እኔን በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ እንዴት እንደጣልኳት አየህ አይደል ማለቱ ነው።

እህቴ አልተከራከረችም። ከጓሮ አረንጓዴውን ዘንግ አምጥታ እሳት ውስጥ ከተተችው። ቀለሙ እየገማ ነደደ፣ ብረቱ ፍም መሰለ። ስለ ጉጠትም ያወራ አልነበረምና አነሳችው፤ ዘንጉን መስፏ ላይ አሳረፈች።

«ይምቱ እንጂ ጋሼ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

መታ። እሷ በጉጠቷ እያዞረች የሚመታበትን ታቀርብለታለች፣ እሱ መዶሻውን ያሳርፍበታል፤ ብረቱም ሳይሰነጠቅ እየተጠፈጠፈ፣ እየጎበጠ እጀታ ሆነ። በየትኛውም ብረት ቤት ጌታው ጉጠት የያዘው ነው፤ መዶሻ የያዘው እንደታዘዘ ይመታል። አዋቂው አጎቴ ይህን አላወቀም። ዛሬም መዶሻውን ትከሻው ላይ ጭኖ መስፉ አጠገብ ቆሞ እህቴ እስክትጠራው ይጠብቃል። መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማውም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ያለ እኔ መዶሻ ይቺ ልጅ ምን ልትሠራ ነበር ይላል።